ፕሮ ጊት፦ ሰርቨሩ ከተተከለ በኋላ ያለው ሥራ

የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘውን ጊትን ልማር ብሎ ለሚነሣ ፕሮግራመር አዋቂዎች ደጋግመው የሚጠቁሙት መጽሐፍ «ፕሮ ጊት» ነው። የመጀመሪያውን እትም ስኮት ቻኮን ለብቻው ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2009 አወጣው። ሁለተኛው እትም ከቤን ስትራውብ ጋር ተዘጋጅቶ በ2014 ወጣ። አሳታሚው ኤፕረስ ነው። በወረቀት ታትሞ ይሸጣል፤ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለወጣም ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ ሊያነበው ይችላል። እዚህ የምመዝነው ሁለተኛውን እትም ነው፤ ትኩረቴም በአራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ምዕራፉ አንድ ቡድን ኮዱን በጋራ የሚያስቀምጥበትን ሰርቨር እንዴት እንደሚተክል ያስረዳል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። «ፕሮ ጊት» ጊትን ለአንድ ሰው በማስተማር ረገድ እስካሁን የሚወዳደረው አላየሁም። የጋራ ሰርቨር ሲሆን ግን ተከላውን በሚገባ አሳይቶ ሥራው በሚጀምርበት ቦታ ላይ ያቆማል። ሰርቨር መትከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የፈቃድ ግጭት፣ የጠፋ ኮሚት፣ ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀ ሰው ቁልፍና ባክአፕ ያልተደረገለት ዲስክ ናቸው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው እውቀት በመጽሐፉ ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው አለ። ያለው ግን በምዕራፍ 7፣ በምዕራፍ 8ና ከሁሉም በላይ በመጨረሻው በምዕራፍ 10 ተበታትኖ ነው። አራተኛውን ምዕራፍ ብቻ ይዞ ሰርቨር የተከለ ሰው ችግር ሲገጥመው የት ገልጦ እንደሚያነብ አያውቅም።

የመጽሐፉ አጀማመር ጥሩ ነው። ከጊት በፊት የነበሩትን በአጭሩ ያስታውሳል፤ እንደ ሲቪኤስና ሰብቨርዥን ያሉት ታሪኩን ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ይይዙ እንደነበርና ያ ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉም ሰው ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ እንደነበር ይገልጻል። የጊትንም ልደት ይተርካል። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር በተባለ የንግድ ሶፍትዌር ይሠሩ ነበር። በ2005 የነፃ አጠቃቀሙ ፈቃድ ሲነሣ ሊነስ ቶርቫልድስ የራሱን መሥራት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የጊትን ጥገና ጁኒዮ ሃማኖ ተረከበ። ይህ ታሪክ ለጋራ ሰርቨር ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ጊት የተወለደው በየአገሩ ተበታትነው ለሚሠሩና አንዱ የሌላውን ማሽን ለማያዝዝ ሰዎች ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ታሪኩን በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል፤ «ማዕከላዊ» የሚባለው ሰርቨር በቴክኒክ ከሌላው ቅጂ የሚለይበት ነገር የለም፤ ማዕከል የሚያደርገው የቡድኑ ስምምነት ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ ሆኖም አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ስምምነቱን ትተው ስለ ማሽኑ ያወራሉ።

ምዕራፉ የሚከፈተው ሰው ወደ ሰርቨሩ በሚደርስባቸው አራት መንገዶች ነው፦ በአንድ ማሽን ወይም በጋራ ፎልደር በኩል፣ በኤችቲቲፒ፣ በኤስኤስኤች እና ጊት ራሱ ባለው ፕሮቶኮል። የእያንዳንዱ ጥቅምና ጉዳት ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ከምዕራፉ ሁሉ የበሰለው ክፍል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጋራ ፎልደርን ቀላልነት ካመሰገነ በኋላ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በማከማቻው ፋይሎች ላይ ሙሉ ሥልጣን ስላለው ሳያውቅ ሊያበላሻቸው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በፖርት 9418 የሚሠራው የጊት ፕሮቶኮል ፈጣን ቢሆንም ማንነትን የሚያረጋግጥበት መንገድ እንደሌለው፣ በሩ ወይ ለሁሉም የተከፈተ ወይ ለሁሉም የተዘጋ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። አንባቢ በሌላ ሰው ምርጫ ላይ ሳይንጠለጠል የራሱን መንገድ እንዲመርጥ የሚያስችል አጻጻፍ ነው።

ከዚያ ተከላው ይመጣል። ምሳሌው ሦስት ሰዎችን ይዟል፤ ሁሉም «ጊት» በሚባል አንድ የሰርቨር አካውንት በኤስኤስኤች ቁልፋቸው ይገባሉ። በሰርቨሩ ላይ ያለው ማከማቻ «ቤር» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ታሪኩን ብቻ ይዞ የሚሠራባቸው ፋይሎች የሌሉበት። ይህ ያስፈለገበት ምክንያት አለው። አንድ ሰው ፋይሎቹ ተከፍተው በሚሠራበት ብራንች ላይ ሌላው ፑሽ ቢያደርግ በዲስኩ ላይ ያለው ፋይልና በታሪኩ ላይ ያለው ኮሚት ይለያያሉ። ስለዚህ ጊት ከ2010 ጀምሮ፣ ከ1.7.0 ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን ፑሽ በራሱ ይከለክላል። መጽሐፉ በመቀጠል ቁልፎቹን ወደ አንድ ፋይል መጨመርን፣ የቁልፎቹን ፋይል ፈቃድ ማጥበብን፣ ሰዎች በዚያ አካውንት ገብተው ሰርቨሩን እንደልባቸው እንዳያዝዙ ጊት ሼል በሚባለው መገደብን ያሳያል። ደረጃዎቹ ትክክለኛ ናቸው፤ ተከትሏቸው የሠራ ሰው ሰርቨሩ ሲሠራ ያያል።

ችግሩ የሚጀምረው ቡድኑ ሌላውን መንገድ ሲመርጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን አካውንት ሲከፍት። መጽሐፉ ይህንንም እንደ አማራጭ ያቀርበዋል፤ ማከማቻውን ስትፈጥሩ «ሼርድ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፣ ጊት የግሩፑን የመጻፍ ፈቃድ በራሱ ያስተካክላል ብሎ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ብዙ ቡድን የሚሰናከለው ግን እዚሁ ነው። መሰናክሉ በአንድ ጊዜ የሚገለጥ ስላልሆነ በዝርዝር ላስረዳው።

አንድ አስተዳዳሪ ማከማቻውን ያለዚያ አማራጭ ፈጠረው እንበል። ባልደረቦቹ ፑሽ ሲያደርጉ ይከለከላሉ። አስተዳዳሪው የመጀመሪያውን መድኃኒት ያውቃል፤ በፎልደሩ ሥር ላለው ሁሉ ለግሩፑ የመጻፍ ፈቃድ ይሰጣል። ሁሉም ይሠራል፤ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የአንዷ ባልደረባ ፑሽ ይከለከላል፤ መልእክቱ አዲስ ነገር ወደ ማከማቻው ለመጨመር በቂ ፈቃድ የለሽም የሚል ነው። የሌላው ባልደረባ በዚያው ሰዓት ያልፋል። እሷም የኮሚቷን መልእክት ቀይራ ደግማ ስትሞክር ሊያልፍላት ይችላል። በማግስቱ ደግሞ ተራው የሌላ ሰው ይሆናል። ቡድኑ ኔትወርኩን ይጠረጥራል፣ ሰርቨሩን ያስነሣል፣ ጊትን እንደገና ይጭናል።

መልሱ ያለው ምዕራፍ 10 ላይ ነው። ጊት እያንዳንዱን ፋይል፣ እያንዳንዱን የፎልደር ዝርዝርና እያንዳንዱን ኮሚት ከይዘቱ ተሰልቶ በወጣ ባለ 40 ምልክት መለያ ያስቀምጣል። የመለያው የመጀመሪያ 2 ምልክቶች የንዑስ ፎልደር ስም ይሆናሉ፣ የቀሩት 38ቱ የፋይሉ ስም። ስለዚህ እስከ 256 የሚደርሱ ንዑስ ፎልደሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም ግን ከመጀመሪያው አይኖሩም። እያንዳንዱ የሚፈጠረው በዚያ 2 ምልክት የሚጀምር ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ነው፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ፑሽ ያደረገው ሰው ነው። አስተዳዳሪው ፈቃዱን ያስተካከለው በዚያን ቀን ለነበሩት ፎልደሮች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተፈጠሩት የፈጠራቸውን ሰው አካውንት ልማድ ይዘው ለግሩፑ ዝግ ሆነው ይወለዳሉ። የዚያች ባልደረባ ኮሚት መለያ በተዘጋው ፎልደር ስም ከጀመረ ትከለከላለች፤ በሌላ ከጀመረ ታልፋለች። መልእክቷን ስትቀይር የኮሚቱ መለያ ተለወጠ፤ ስለዚህ አለፈላት። ዝግ ፎልደሮች በበዙ ቁጥር ደግሞ ክልከላው እየተደጋገመ ይሄዳል።

መፍትሔው ፈቃዱን ደጋግሞ ማስተካከል አይደለም። በማከማቻው ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ኮር ሼርድሪፖዚተሪ የሚባለውን ወደ «ግሩፕ» ማዞር፣ ነባሮቹን ፋይሎች በሙሉ ለቡድኑ የጋራ ግሩፕ ማስረከብና የመጻፍ ፈቃድ መስጠት፣ በፎልደሮቹ ላይ ደግሞ ሴትጂአይዲ የሚባለውን ምልክት ማብራት ነው። የመጨረሻው አዲስ የሚፈጠር ነገር ሁሉ የፈጣሪውን የግል ግሩፕ ትቶ የቡድኑን ግሩፕ እንዲወርስ ያደርጋል። ይህን ለማወቅ የማከማቻውን ውስጣዊ አሠራር ማወቅ ግድ ይላል። ለዚህ ነው ምዕራፍ 10 ከምዕራፍ 4 በፊት መነበብ አለበት የምለው።

ከዚህ የከፋም አለ። የፈቃዱ ችግር ያስመረረው አስተዳዳሪ ለሁሉም ሰው ሁሉንም ፈቃድ የሚሰጠውን 777 የሚባለውን ትዕዛዝ ከላይ ጀምሮ ያወርደዋል፤ ብዙ ጊዜም የማከማቻውን ፎልደር ሳይሆን የአካውንቱን ሙሉ የቤት ፎልደር ይይዛል። ወዲያው በዚያ አካውንት የሚገባ ሰው ሁሉ ከሰርቨሩ ይዘጋል። የኤስኤስኤች ሰርቨር የቤት ፎልደሩ ወይም የቁልፎቹ ፋይል ለሌላ ሰው ለመጻፍ ክፍት ሆኖ ካገኘው በቁልፎቹ አያምንም፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ጨምሮ ሊሆን ይችላል ብሎ ይከለክላል። መጽሐፉ የቁልፎቹን ፎልደር 700፣ ፋይሉን 600 አድርጉ ብሎ ትዕዛዙን አስቀምጧል። ምክንያቱ በዚያው ቦታ በሁለት መስመር ቢጻፍ ብዙ ቡድን ግማሽ ቀን ይተርፍለት ነበር። ትዕዛዝ ያለ ምክንያቱ ሲሰጥ አንባቢው በተለመደው ቀን ይጠቀምበታል፣ በችግር ቀን ግን አያድነውም።

እዚህ ላይ ከ«ፕሮ ጊት» የመጀመሪያ እትም አምስት ዓመት ቀድሞ የወጣውን የሰብቨርዥን መጽሐፍ ማንሣት ተገቢ ነው። ቤን ኮሊንስ ሰስማን፣ ብራያን ፊትዝፓትሪክና ማይክል ፒላቶ ጽፈውት ኦራይሊ በ2004 ያሳተመው ነው። ሰብቨርዥን ዛሬ ቦታውን ለጊት ለቋል፤ የዚያ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፎች ግን እስካሁን ትምህርት ይሰጣሉ። አንዱ ስለ ማከማቻ አስተዳደር ነው፤ ባክአፕ፣ ማከማቻን ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር፣ ጤንነቱን መመርመር፣ የተበላሸውን ማዳን በየተራ ይነገራሉ። ሌላው ስለ ሰርቨሩ አዘገጃጀት ነው፤ ሰዎች በተለያየ መንገድ ወደ አንድ ማከማቻ ሲገቡ የሚፈጠረውን የፈቃድ ግጭት በስሙ ጠርቶ ምን ምን መደረግ እንዳለበት ይዘረዝራል። በሰብቨርዥን ሁሉም ነገር በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ጸሐፊዎቹ ሰርቨሩን መንከባከብ ዋና ጉዳይ አድርገውታል። በጊት እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ቅጂ ስላለው ያ ጥንቃቄ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ የ«ፕሮ ጊት» ማውጫም ስለ ባክአፕ ራሱን የቻለ ክፍል የለውም።

ቅጂው በየሰው እጅ መኖሩ እውነት ነው፤ ሁሉንም ነገር ግን አይሸፍንም። ክሎን ሲደረግ፣ ፑሽ ሲመጣ በራሳቸው የሚሠሩት የሰርቨሩ ሁኮችና የማዋቀሪያ ፋይሉ አብረው አይመጡም። ሰው በየራሱ ኮምፒውተር ያለው ብዙ ጊዜ እሱ የሚሠራባቸው ብራንቾች ናቸው፤ ሌሎቹ እሱ በመጨረሻ ባመጣበት ቀን ላይ ቆመዋል። የቁልፎቹ ዝርዝርም በሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩ ከተቃጠለ ኮዱ ከየሰው ኮምፒውተር ተለቃቅሞ ይመለሳል፤ ማን መግባት እንደሚችል፣ ምን ፑሽ መከልከል እንዳለበት የሚናገረው ሁሉ ግን ከዲስኩ ጋር ይሄዳል።

የጠፋ ኮሚትን ስለመመለስ ምዕራፍ 10 ግሩም ክፍል አለው። አንድ ሰው ብራንቹን በስህተት ወደ ኋላ ቢመልስ ብራንቹ የነበረበትን በሚመዘግበው በሪፍሎግ፣ ሪፍሎጉም ከጠፋ ፍስክ በሚባለው ምርመራ ኮሚቱን እንዴት እንደሚያገኘው ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ይህን ክፍል ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ጊትን አይፈራም፤ ኮሚት የተደረገ ነገር በቀላሉ እንደማይጠፋ በዓይኑ ያያል። ምሳሌው ግን የአንድ ሰው የግል ማከማቻ ነው። በሰርቨሩ ላይ ባለው ቤር ማከማቻ ሪፍሎግ ካልተከፈተ በስተቀር አይመዘገብም። አንድ ሰው በኃይል ፑሽ አድርጎ የባልደረባውን ኮሚቶች ከብራንቹ ቢያስወጣቸው ሰርቨሩ ላይ የት እንደነበሩ የሚናገር መዝገብ የለም። ኮሚቶቹ ለጊዜው በዲስኩ ላይ አሉ፤ የጊት ጽዳት ግን ማንም የማይጠቁማቸውን ነገሮች ሁለት ሳምንት ሲያልፋቸው ያስወግዳል። በጋራ ሰርቨር ላይ ስለዚህ ሁለት ነገር መደረግ አለበት፦ ከመጀመሪያው ቀን ኮር ሎግኦልሪፍአፕዴትስን ማብራት፣ ኮሚት ጠፋ የሚል ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጽዳቱን ማስቆም። ከዚያ ብራንቹን በመጨረሻ ያመጣው ባልደረባ ይፈለጋል፤ የጠፋው በእሱ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ቀደም ብዬ ያነሣሁት «ሼርድ» አማራጭ እዚህም ይጠቅማል። ማከማቻው በዚያ አማራጭ ሲፈጠር ታሪክን ወደ ኋላ የሚቆርጥ ፑሽን የሚከለክለው ቅንብር አብሮ ይበራል። ይህን የማያውቅ ቡድን በአንዱ ማከማቻ የሠራው በኃይል ፑሽ ማድረግ በሌላው ሲከለከል ግራ ይጋባል፤ ከዚያም ጠባቂውን ራሱ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ያጠፋዋል። ይህ አንድ መስመር በምዕራፍ 4 ላይ ከአማራጩ ጎን መጻፍ ነበረበት።

ሁሉም በአንድ አካውንት የሚገቡበት የመጽሐፉ ምሳሌ የፈቃዱን ጣጣ ያስቀራል፤ በምትኩ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ኮሚት ላይ የሚጻፈው የሠሪው ስም ራሱ ሠሪው በኮምፒውተሩ ላይ የሞላው ነው፤ ሰርቨሩ አያረጋግጠውም። በሰርቨሩ ዓይን ደግሞ ሁሉም «ጊት» ናቸው። ማን ፑሽ እንዳደረገ ለማወቅ ወይም አንዱን ከአንድ ፎልደር ለመከልከል የሚፈልግ ቡድን ምዕራፍ 8 ላይ በሩቢ የተጻፈ የሁክ ምሳሌ ያገኛል። ጸሐፊዎቹ እዚያ ሲደርሱ ነው ሁሉም በአንድ አካውንት ከገቡ ማንነታቸውን ከቁልፋቸው ለይቶ የሚያስተላልፍ መሸፈኛ መሥራት ያስፈልጋል የሚሉት። ማለትም በምዕራፍ 4 የተደረገው ምርጫ ዋጋው አራት ምዕራፍ ቆይቶ ይነገራል። አንባቢው ግን በዚያን ጊዜ ሰርቨሩን ተክሎ ጨርሷል።

ይህ ክፍተት በመጀመሪያው እትም ያን ያህል አይሰፋም ነበር። በኢንተርኔት የሚነበበው የመጀመሪያው እትም ጊቶሲስንና ጊቶላይትን ያስተምር ነበር። ሁለቱም በአንድ አካውንት እየሠሩ ማን የትኛውን ማከማቻ ማንበብ፣ የትኛውን መጻፍ እንደሚችል በቀላል ፋይል የሚያስተዳድሩ ናቸው። ሁለተኛው እትም ሁለቱን አስወጥቶ በቦታቸው ጊትላብን አስገባ። ጊትላብ ብዙ ነገር ያለው ሥርዓት ነው፤ በብሮውዘር ይታያል፣ ውይይትና ግምገማ አለው። ነገር ግን በርካታ ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ማሽንና የማያቋርጥ እድሳት ይፈልጋል። አምስት ሰው ላለው፣ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ እንደ ሰርቨር ለሚጠቀም ቡድን የጊቶላይት መውጣት እውነተኛ ጉድለት ነው። ጊቶሲስ ጊዜው ስላለፈ ቢወጣ እስማማለሁ፤ ጊቶላይት ግን መቆየት ነበረበት።

ምዕራፍ 6 ሙሉ በሙሉ የጊት ማከማቻዎችን በኢንተርኔት ስለሚያስተናግደው ስለ ጊትሃብ ነው። ስኮት ቻኮን ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ ነው፤ አንባቢ ይህን አውቆ ማንበብ አለበት። ምዕራፉ በሐቀኝነት የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ኩባንያ አገልግሎት ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቶ ለሰርቨር እንክብካቤ አንድም ክፍል አለመሰጠቱ ሚዛኑን ያዛባዋል።

ለእኛ ሀገር አንባቢ ሚዛኑ በተለየ ሁኔታ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ኮዱን በውጭ ሀገር ሰርቨር ብቻ ያስቀመጠ ቡድን ፑሽም ፑልም ማድረግ አልቻለም። ጊት በዚያን ጊዜም ይሠራል፤ ሰው በየራሱ ኮምፒውተር ኮሚት ያደርጋል፣ ብራንች ይከፍታል፣ ታሪክ ያነባል። የሚቀረው መለዋወጥ ነው። ለመለዋወጥ የሚበጀው መሣሪያ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ምዕራፍ 7 ላይ «ባንድል» በሚል ተቀምጧል። ባንድል የተመረጡ ኮሚቶችን በአንድ ፋይል ይጠቀልላል፤ ፋይሉ በፍላሽ ተወስዶ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ከሰርቨር እንደመጣ ሆኖ ይነበባል። በቢሮ ውስጥ ኔትወርክ ላይ የተተከለ ትንሽ ቤር ማከማቻም እንዲሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኢንተርኔት ሲመለስ ወደ ውጭው ሰርቨር ፑሽ ይደረጋል። እነዚህ ሁለቱ እንደ ተጨማሪ ብልሃት በሩቅ ምዕራፍ ከሚቀመጡ ከአራተኛው ምዕራፍ ዋና መንገዶች ጋር ቢሰለፉ ኔትወርክ ለማይታመንበት ቦታ ሁሉ ይጠቅሙ ነበር። ባንድል ለባክአፕም ይሆናል፤ ሁሉንም ብራንቾች የያዘ አንድ ፋይል በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል።

ሌላው በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የሚከሰት ነገር የፋይል ስም ነው። ፋይሉን በአማርኛ የሰየመ ሰው ጊትን ሁኔታውን ሲጠይቀው ስሙን በቁጥር ተበታትኖ ያየዋል። ለምሳሌ «ሀ» በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሆነ 341፣ 210 እና 200 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደላት ውጭ ያለውን ፊደል እንዲህ አድርጎ እንዲያሳይ ተዘጋጅቷል። ኮር ኮትፓዝ የሚባለውን ቅንብር ማጥፋት ብቻ ይበቃል፤ ስሙ በራሱ ፊደል ይታያል። ይህን የማያውቁ ቡድኖች የአማርኛ ስሞችን ወደ እንግሊዝኛ ሲቀይሩ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አንድ መስመር ቅንብር ይበቃቸው ነበር።

እድሜም መጽሐፉን ነክቶታል። በሚያዝያ 2022፣ እ.ኤ.አ.፣ የወጣው ጊት 2.35.2 የደኅንነት ቀዳዳ ለመድፈን ሲል ሌላ ሰው ባለቤት የሆነበትን ማከማቻ ገብቶ መሥራት ከለከለ። በጋራ ፎልደር የሚሠሩ ቡድኖች እድሳቱን በጫኑ ማግስት ማከማቻው አስተማማኝ አይደለም፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው የሚል መልእክት አገኙ። በ2014 የታተመ መጽሐፍ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ አልወቅሰውም። የወረቀቱን እትም የያዘ ሰው ግን ሴፍ ዳይሬክተሪ የሚባለውን ቅንብር ማወቅ አለበት፤ በዚያ ቅንብር ላይም የሚያምነውን ማከማቻ ለይቶ ይጻፍ እንጂ ኮከብ አድርጎ ሁሉንም አይክፈት። ኮከቡ ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ ያነሣዋል። በኤስኤስኤች በኩልም እንዲሁ ነው። በ2021 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 8.8 አሮጌውን የአርኤስኤ ፊርማ ስልት በነባሪነት ስላቆመ፣ ሰርቨሩን ለዓመታት ያላደሰ ቡድን አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሠራተኛው ብቻ ሲከለከል ያያል።

ከቋንቋው ጥራት አንጻር ጸሐፊዎቹን ማመስገን ግዴታዬ ነው። ዓረፍተ ነገሮቻቸው አጭር ናቸው፤ ምሳሌዎቻቸው አንባቢው ራሱ ተይቦ ሊያያቸው የሚችሉ ናቸው። ስለ ብራንች የሚናገረው ሦስተኛው ምዕራፍ በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ማስተማሪያዎች ሁሉ ይበልጣል። ምዕራፍ 10 ደግሞ ጊትን ከፍቶ ውስጡን ያሳያል፤ ኮሚትን የተለመደውን ትዕዛዝ ሳይጠቀም በእጅ ደረጃ በደረጃ እየሠራ ያስረዳል። መጽሐፉ ይህን ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በማስቀመጡ ብዙ አንባቢ ሳይደርስበት ይቀራል። ጸሐፊዎቹ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ አንብቡት ብለዋል፤ እኔ ሰርቨር ለሚይዝ ሰው ፍላጎት ሳይሆን ግዴታ ነው እላለሁ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ «ፕሮ ጊት» ለግለሰብ ፕሮግራመር ያለ ማመንታት የሚሰጥ መጽሐፍ ነው፤ ለሰርቨር አስተዳዳሪ ግን ግማሽ መጽሐፍ ነው። ሰርቨር የምትተክሉ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡት፦ ምዕራፍ 10፣ ከዚያ ምዕራፍ 4፣ ከዚያ በምዕራፍ 8 ስለ ሁኮች የሚናገረውንና በምዕራፍ 7 ስለ ባንድል የሚናገረውን። በዩኒቨርሲቲና በሥልጠና ማዕከል የምታስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻችሁ ሰርቨሩን ተክለው ሲጨርሱ አታሰናብቷቸው፤ ፈቃዱን አበላሹባቸውና ራሳቸው ያስተካክሉት፤ አንድ ኮሚት አስጠፉባቸውና ይመልሱት። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ደግሞ ምዕራፍ 4ን ከምዕራፍ 10 የማዳኛ ክፍል ጋር አጣምሮ፣ እዚህ ያነሣኋቸውን ጉድለቶች ሞልቶ በአማርኛ ማዘጋጀት ይቻላል። የመጽሐፉ ፈቃድ የደራሲዎቹ ስም እስከተጠቀሰ፣ ሥራው ለንግድ እስካልዋለና በዚያው ፈቃድ እስከወጣ ድረስ ይህን ለማንም ይፈቅዳል።